ሻማው ሲጠፋ ውኃው ለምን ከፍ ይላል?

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህር ነኝ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ቤት ውስጥ የሚሠሯቸውን ሙከራዎች የያዘ መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው። ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ሻማ አቁመን ብርጭቆ ስንደፋበት ውኃው ወደ ውስጥ የሚገባው «ሻማው ኦክስጅኑን ስለጨረሰ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አርታዒዬ አልተቀበለኝም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አርታዒዎ። ይህ ስሕተት በብዙ መማሪያዎች ውስጥ ስላለ ግን አይፈረድብዎትም። ከአየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ነበልባሉ ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይጠፋል እንጂ አሟጦ አይጨርሰውም። በተቃጠለው ቦታም ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ይተካሉ። ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ብርጭቆው ሲደፋ አየሩ ሞቆ ይለጠጣል፣ ከፊሉም በጠርዙ ሥር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ያመልጣል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ ያኔ የውጪው አየር ውኃውን ገፍቶ ያስገባዋል።

በመጽሐፍዎ እንዲህ ያሠሯቸው፦ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሻማ በራሱ ሰም ከሳህኑ ጋር ያጣብቁ (ጧፍ አይሆንም፣ ይወድቃል)። እንዲታይ ሻይ የተቀላቀለበት ውኃ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ። የብርጭቆው አፍ ከሳህኑ ጋር ከገጠመ ውኃ አይገባምና ሁለት ሳንቲም ከሥሩ ያድርጉ። ነበልባሉ ከብርጭቆው ቂጥ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ በዚያው ብርጭቆ ሥር 3 ሻማ ያብሩ። የተያዘው ኦክስጅን አልጨመረም፤ ውኃው ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ከፍ ይላል።

ክብሪቱን የሚጭረው አዋቂ ይሁን፣ ነጠላም ይውለቅ።