ዥንጉርጉሯን የገና አበባ አትጣያት፤ አረንጓዴውን ቀንበጥ ግን ዛሬውኑ ቁረጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳይ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቁጭ አልኩ። “ቅጠሏ ዳር ዳሩ ነጭ የሆነ አዲስ ዓይነት የገና አበባ በ20 ዶላር ገዛሁ። ሦስት ሳምንቷ ነው። የታች ቅጠሏ እየረገፈ ነው። ከጎኗ ደግሞ ምንም ነጭ የሌለበት ጠንካራ አረንጓዴ ቀንበጥ አውጥታለች። ከበዓሉ በኋላ ልጣላት ወይስ ለከርሞ እንደገና ትቀላለች?” ነው ያልሽው። የመለሱልሽንም አነበብኩ። ግማሹ “ጣያት” ይላል። አንዷ ደግሞ “አረንጓዴው ጥሩ ምልክት ነው፣ እየበረታች ነው” ብላሻለች። ክፋት አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እኔን አንድ ዓመት ሙሉ ያለፋኝ ልክ ይሄ ሐሳብ ነው።

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አፓርትመንት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ጥሩ መስኮት፣ ትንሽ በረንዳ። አንቺም እንደዚያው ነሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ውኃ ስለማጠጣት አልነግርሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ።

1ኛ፣ ፖቱ ላይ የተጠቀለለውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት አሁኑኑ አውልቂው። ያምራል ብለሽ አትተይው። ውኃው ከሥር ይጠራቀምና ሥሩን ያበሰብሰዋል። የታች ቅጠል የሚረግፈው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው፣ ካልሆነ ደግሞ ከብርድ። ይቺ አበባ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አትችልም። እኔ የመጀመሪያዋን መኪና ውስጥ ትቻት እንጀራ ልገዛ ገባሁ። ሰልፍ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። በሳምንቱ ግማሽ ቅጠሏ ምንጣፉ ላይ ነበር። ያ ግን ይተካል። አዲስ ቅጠል ታወጣለች፣ አትደንግጪ።

2ኛ፣ አረንጓዴው ቀንበጥ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

የእኔ ሲልቨርስታር ከሚባሉት ነበረች። ቅጠሏ ዳሩ ነጭ፣ ላይዋ ቀይ። ታፔስትሪ የሚባለው ደግሞ ዳሩ ወርቃማ ቢጫ ነው። ያንቺ ስሟ ሌላ ቢሆንም ፀባይዋ ያው ነው። ቀዩ ክፍል ላይ ብቻ ነጠብጣብ ያላቸው አሉ፣ እነሱ ሌላ ናቸው። የእኛዎቹ ቅጠላቸው ራሱ ዥንጉርጉር ነው። ለዚህም ነው እኔ የምወዳቸው። ቀዩ ከረገፈ በኋላም ክረምት ከበጋ ቤት ያሳምራሉ።

ነጩ ቦታ ላይ ክሎሮፊል፣ ማለትም ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና ምግብ የሚሠራው ነገር፣ የለም። ምግብ የሚሠራው አረንጓዴው ብቻ ነው። ስለዚህ ዥንጉርጉር ቅርንጫፍ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ከእነዚህ ተክሎች ብዙዎቹ በአንድ ግንድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴል ደርበው ይይዛሉ፣ አረንጓዴ መሥራት የሚችልና የማይችል። አንዳንዴ ከሚችለው ብቻ ቀንበጥ ይወጣል። እሱ ሙሉ ቅጠሉ ስለሚሠራለት ይሮጣል፣ ይወፍራል፣ ሌላውን ይከልለዋል። ዝም ካልሽው ተክሉ በሙሉ ተራ አረንጓዴ ይሆናል። ጠብቀሽ ጠብቀሽ ነጩ አይመለስም።

እኔ ይሄን አላወቅኩም። በመጀመሪያው ዓመት ሰኔ ላይ በረንዳ አወጣኋት። ሁለት ወፋፍራም አረንጓዴ ቀንበጦች አወጣች። ደስ አለኝ። ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ለእናቴ ላክሁላት። እናቴ ግቢ ውስጥ ከአጥሩ በላይ የወጣ የገና አበባ ዛፍ አለ፤ ለኛ ሰው እኮ ይሄ የፖት ተክል አይደለም፣ ዛፍ ነው። አገሩም ሜክሲኮ ነው፣ እዚያም ሦስትና አራት ሜትር የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው። እኔም “እንደ እናቴ ልትሆንልኝ ነው” አልኩ።

ሐምሌ ላይ እንድትንዠረገግ ጫፍ ጫፉን መቁረጥ አለብሽ። መቀሱን ያዝኩ። የቱን ልቁረጥ? ቀጫጮቹን አልኩ። ነጭ ዳር ያላቸውን አራት ቅርንጫፎች ከሥራቸው ቆርጬ፣ በገዛ እጄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ወፍራሞቹን አስቀረሁ። ያን ቀን ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል። ያን ሁሉ ብር ያወጣሁባቸውን ቅርንጫፎች ነው የጣልኩት።

ከዚያ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ደከምኩባት። ጨለማ አግኝታ እንድትቀላ በየማታው በካርቶን ሸፈንኳት። ኅዳር መጨረሻ ላይ ቀላች። ቀይ ናት፣ ታምራለች። ግን ስድስት ዶላር የምትሸጠዋ ተራ የገና አበባ ናት። አንድ ነጭ ያለበት ቅጠል የላትም።

ደረሰኜን ይዤ ወደ ገዛሁበት የአትክልት ሱቅ ሄድኩ። ገንዘቤን መልሱ ልል አይደለም። ምን እንደሆነች ልጠይቅ ነው። ባንኮኒው ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ “ይቺ የኛ አይደለችም፣ ለውጠሽ ነው ያመጣሽው” አለኝ። ስሟ ያለበት ካርድ ፖቷ ውስጥ ተሰክቶ አለ፣ እየው አልኩት። “ካርድ ማንም ይሰካል” አለኝ። ከኋላዬ አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል። እኔ የሰው ነገር ነክቼ አላውቅም። አስራ አንድ ዓመት እዚህ አገር ስኖር እንደዚያ ቀን አላፈርኩም። አቅፌያት ወጣሁ፣ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ያንን ካርድ አሁንም አስቀምጬዋለሁ። አንድ መስመር ብቻ ነበር የጎደለው፤ “አረንጓዴ ቀንበጥ ካወጣች ቁረጡ” የሚል።

መልሱን ያገኘሁት ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ነው፣ ስለ አትክልትና እርሻ ሕዝቡን የሚያማክር ክፍል ነው። ፎቶ ልከሽ ትጠይቂያለሽ፣ በነፃ ይመልሱልሻል። እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮ ነው የጻፍኩት። የመለሰችልኝ ሴትዮ አንድም ቦታ አላቃለለችኝም። ከሱቅ በፊት እነሱን ጠይቂ።

እና አሁን ያንቺን ቀንበጥ እንዲህ አድርጊው። ከየት እንደሚነሳ ተከተይ፣ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ድረስ ውረጂ። እዚያው ጥግ ላይ ቁረጪው። ከመሃል አትቁረጪ። ጉቶ ካስቀረሽ ጉቶው ላይ ያለው እንቡጥ ያንኑ አረንጓዴ መልሶ ያወጣል። በየሁለት ሳምንቱ ዙሪያዋን እያየሽ ገና በጣት ሲቀነጠስ አስወግጂው። ስትቆርጪ ነጭ ወተት ይፈሳል። ይቺ አበባ የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ናት፣ ያው ቤተሰብ። የእሷ ወተት እንደ ቅንጭብ የከፋ አይደለም፣ “ትገድላለች” የሚሉሽንም አትስሚ። ግን ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል። ጓንት አድርጊ፣ ከልጆች አርቂያት።

3ኛ፣ ስለ መቅላቷ። ለከርሞ ትቀላለች ወይ ላልሽው፣ አዎ ትቀላለች፣ ግን የምትቀላው በጨለማ ነው። ረጅም ሌሊት ካላገኘች ቀይ ቅጠል አታወጣም። እኔ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ስይዝ እረሳ ነበር። አሁን በበዓል ነው የያዝኩት። መስቀል ሲያልፍ እጀምራለሁ፣ ኅዳር ጽዮን ላይ እጨርሳለሁ። ዘጠኝ ሳምንት ነው፣ ይበቃታል። በየቀኑ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ትልቅ ካርቶን እደፋባታለሁ። ቀን ቀን መስኮት ላይ ትሆናለች። ካርቶኑ ላይ ቀዳዳ ካለ በፕላስተር ዝጊው። የእኛ ፓርኪንግ መብራት በመጋረጃው ስንጥቅ እየገባ ነበር፣ ቢሮው ሄጄ ብለምን መልስ የሰጠኝ የለም። በካርቶን ተገላገልኩ።

የማታ ሽፍት ስለምሠራ 11 ሰዓት ላይ ቤት የማልሆንበት ቀን አለ። ጎረቤቴ አንዲት ኤርትራዊት እናት ናቸው። ቁልፍ ሰጠኋቸው። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ፣ በእኔ የሥራ ቀናት አንድም ማታ ሳያጓድሉ ሸፈኑልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንቺም ሽፍት ካለሽ ሰው ያዢ፣ በስልክ አላርም ብቻ አይሆንም።

እናቴ ይሄን ስነግራት ገረማት። “የኔን ማን ሸፈናት?” አለች። አዲስ አበባ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ራሱ ከቀኑ ይረዝማል፣ ለእሷ ያ ይበቃታል። ግን አስታወስኩ። ልጅ ሆነን የዛፉ በበሩ መብራት በኩል ያለው ቅርንጫፍ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቀር ነበር። ሌላው ሁሉ ለገና ሲቀላ እሱ አይቀላም። አባቴ “ታሟል” ብሎ ሊቆርጠው ይዝት ነበር። ለካ በየሌሊቱ አምፖሉ ነበር የሚከለክለው።

የቀረውን በአጭሩ ልንገርሽ። ቀዩ ሲደበዝዝ፣ ማርች ወይም ኤፕሪል ላይ፣ ከአፈሩ አንድ ስንዝር አስቀርተሽ ከርክሚያት፣ ዥንጉርጉር እንቡጥ ያለበትን እየመረጥሽ። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በላይ ሲሆን በረንዳ አውጪያት፣ ግን የከሰዓት ፀሐይ አይንካት። ነጩ ይቃጠላል፣ ቡናማ ይሆናል። የእኔን ፊቷን ወደ ምዕራብ አድርጌ በአንድ ሳምንት ነው ያበላሸኋት። የመጨረሻው የጫፍ ቆረጣ ከኦገስት መጨረሻ እንዳያልፍ። መስከረም አጋማሽ ላይ ወደ ቤት ስታስገቢ ቅጠሏን ገልብጠሽ እይ፣ ነጭ ዝንብ እዚያ ነው የሚደበቀው።

“ቆርጬ ለእናቴ ልላክላት?” ያልሽውን ግን ተዪው። ካርዷ ላይ ማራባት ክልክል ነው የሚል ካለ ፓተንት፣ ማለትም ያወጣት ሰው የባለቤትነት መብት፣ አላት ማለት ነው። ተክል ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ሻንጣ ውስጥ ደብቆ መሄድም ጣጣ ነው። ይልቅ ለእናትሽ ፎቶ ላኪላት። ዘሯን ብትዘሪም ዥንጉርጉርነቱ አይወጣም።

እኔ ሁለተኛዋን ከሌላ ሱቅ በ18 ዶላር ገዛሁ። አረንጓዴ ባወጣች ቁጥር ቆረጥኩ፣ በጋውን ሰባት ጊዜ። ባለፈው ታኅሣሥ 29 ቡና ሳፈላ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ከላይ ቀይ፣ ከታች ቅጠሉ ሁሉ ነጭ ዳር። አንዷ እንግዳዬ “ፕላስቲክ ናት አይደል?” ብላ በጣቷ ነካቻት። ጎረቤቴ ከእኔ ቀድመው “የሸፈንኳት እኔ ነኝ!” አሉ። ያን ቀን ያንን የባንኮኒ ሰውዬ ረሳሁት።

አሁን ከመቁረጥሽ በፊት ፎቶ አንሺና ለጥፊልኝ። ከላይ አይደለም፣ ከጎን፣ ግንዱ እስከ አፈሩ ድረስ እንዲታይ። ቀንበጡ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደተነሳ አይቼ መቀሱ የት እንደሚያርፍ እነግርሻለሁ። ዛሬ ማታ ሥራ የለኝም፣ ቤት ነኝ።