የፕሪንተሩ መብራት ብልጭ ብልጭ ብሎ ዝም ካለ ኔትወርኩን አትንኪ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። የአንዲት እህታችን አባት እስካሁን ዊንዶውስ 98 ላይ ነው የሚጽፉት፣ የቤተሰቡ የዘር ሐረግም የእድሩ መዝገብም በቪዥዋል ግዕዝ ተጽፎ እዛው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፣ ሌላ ማሽን አልፈልግም ብለዋል። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላይ ያለ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102ደብሊው አለ፣ ከእሷ ላፕቶፕ ያለችግር ያትማል። አሮጌው ኮምፒውተር ፕሪንተሩን ፒንግ ሲያደርገው (አለህ ወይ ብሎ በኔትወርክ ሲጠይቀው) ይመልሳል፣ ህትመት ሲላክለት ግን መብራቱ ትንሽ ብልጭ ብልጭ ይልና ያቆማል፣ ወረቀት የለም። ሁለት ባለሙያ መጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል (የድሮው ሰፊ የፕሪንተር መሰኪያ) የሚቀይር ኬብል ሸጦላት ሄደ። ሁለተኛው ላፕቶፗ ላይ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ የፋይልና የፕሪንተር መጋሪያ መንገድ ከፍቶ፣ ፋየርዎሉን አጥፍቶ፣ ፓስወርዱንም አንስቶ ፕሪንተሩን ሼር አደረገ፣ አሮጌው ላይ ደግሞ የሌዘርጄት 4 ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ፕሮግራም) ጫነ፣ አልሰራም። ሰነዱን ላፕቶፑ ላይ ሲከፍተው በላቲን ፊደል የተዘበራረቀ ነገር ስላየ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሏት ወጣ።

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት፣ ይሄን ጽሁፍ ሳትጨርሺ፣ ላፕቶፕሽ ላይ የተከፈተውን ዝጊው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፕሮግራምስ፣ የዊንዶውስ ፊቸሮችን ማብሪያ ማጥፊያ ጋ ገብተሽ ኤስኤምቢ 1.0 የሚለውን ምልክት አንሺ፣ ሪስታርት አድርጊ፣ ፋየርዎሉን መልሺ፣ ፓስወርድ አድርጊ። በግንቦት 2017 በፈረንጆቹ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚሁ በር ገብቶ ነው፣ ማይክሮሶፍትም በዛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ዊንዶውስ 10 ላይ ሲጫን ጀምሮ ዝግ እንዲሆን ያደረገው ለዛ ነው። የስራ ፋይል ያለበት ማሽን ላይ ለአንድ ፕሪንተር ብሎ ይሄን የሚከፍት ሰው በጣም ያናድደኛል።

ፋይሉ አልተበላሸም፣ አባትሽ አይደንግጡ። ዊንዶውስ 98 የወጣው በ1998 ነው፣ የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ነው፣ ስለዚ የዛን ጊዜ ፕሮግራሞች ፊደላችንን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ላቲን ሆኖ ይታያል፣ ሌላ ምንም የለም።

አሁን ወደ ህትመቱ። መብራቱ ብልጭ ብሎ ዝም አለ ያልሽው ለኔ በቂ ነው። የተላከው ህትመት ፕሪንተሩ ጋ ደርሷል፣ ብልጭ ያለውም ስለደረሰው ነው፣ ግን የተላከለት ቋንቋ ስላልገባው ጣለው። ስለዚ ራውተር አትቀይሪ፣ ኬብል አትግዢ፣ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) መቀያየሩንም ተዪው።

ይሄን ነገር ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይሄ የገባው ሰው ግማሹን የፕሪንተር ጣጣ ራሱ ይፈታዋል። ድሮ ሌዘር ፕሪንተር ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነበር። አፕል በ1985 ያወጣው ሌዘርራይተር 12 ሜጋኸርዝ የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰርና 1.5 ሜጋባይት ሚሞሪ ነበረው፣ የሚያዘው ማኪንቶሽ ግን 8 ሜጋኸርዝ ገደማና 512 ኪሎባይት ነበር፣ ማለት ፕሪንተሩ ከኮምፒውተሩ የበለጠ ጭንቅላት ነበረው። ኮምፒውተሩ «እዚጋ በዚህ ፎንት ይህን ያህል ትልቅ አርገህ ይህን ፊደል ጻፍ፣ ከዚህ እስከዚህ መስመር አስምር» ብሎ ፖስትስክሪፕት በሚባል ቋንቋ ይጽፍለታል፣ ገጹን አስቦ ነጥብ በነጥብ የሚስለው ፕሪንተሩ ነው። የኤችፒዎቹም ፒሲኤል የሚባል የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፣ በ1992 የወጣው ሌዘርጄት 4 ፒሲኤል 5 ይገባዋል። ለዛ ነው አንድ የሌዘርጄት 4 ድራይቨር ጭኖ ከዶስም ከዊንዶውስም ለብዙ ዓይነት ፕሪንተር መላክ ይቻል የነበረው፣ ያንቺም ባለሙያ ያንን አስታውሶ ነው። ኋላ ላይ ግን ዋጋ ለመቀነስ ያ ጭንቅላት ከርካሾቹ ፕሪንተሮች ወጣ። ፒ1102ም፣ እዚህ ቢሮው ሁሉ ያለው ሌዘርጄት 1020ም ፒሲኤል አያውቁም፣ ፖስትስክሪፕትም አያውቁም። ገጹን ኮምፒውተሩ አስቦ፣ ነጥቡን ሁሉ ስሎ፣ ጨምቆ ዜድጄስትሪም በሚባል መልክ ካልላከላቸው ምንም አይሰሩም። ያንን የሚሰራው ድራይቨር ነው፣ ለፒ1102 ደግሞ የዊንዶውስ 98 ድራይቨር የለም። ነገሩ አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው በጣልያንኛ ደብዳቤ እንደመላክ ነው፣ ፖስታው ቢደርስም አይነበብም።

የገዛሽውን ኬብል ደግሞ አስቀምጪው። ያ ኬብል የተሰራው ዩኤስቢ ካለው አዲስ ኮምፒውተር ወደ አሮጌ ፓራለል ፕሪንተር ነው፣ ወደዛ ብቻ። ካሮጌ ኮምፒውተር ወደ ዩኤስቢ ፕሪንተር አይሄድም፣ መቼም አይሄድም፣ የሸጠልሽ ሰው ይሄን ሊያውቅ ይገባው ነበር። አባትሽም ፓራለል ኬብል ሲነቅሉም ሲሰኩም ሁለቱም ዕቃ ጠፍቶ ይሁን፣ ፖርቱ ሊቃጠል ይችላል።

መፍትሄው መሃል ላይ የሚተረጉም ትንሽ ማሽን ማስቀመጥ ነው። ራስፕበሪ ፓይ 3 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል፣ የተጣለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ብትጭኚም ያው ነው። ፓይ ከሆነ ግን በስልክ ቻርጀር አታስነሺው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ላያቸው ላይ 2 አምፔር ይላሉ፣ ሸክም ሲመጣባቸው ቮልቴጁ ይወርድና ፓይው መሃል ላይ ይዘጋል፣ ሚሞሪ ካርዱም ይበላሻል፣ ከዛ ሰው ሶፍትዌር ነው ብሎ ይደክማል። 2.5 አምፔር በደንብ የሚሰጥ የራሱን ፓወር ግዢለት።

እሱ ላይ ካፕስን (ሊኑክስ ላይ ህትመት የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) እና ፉ2ዜድጄኤስ የሚባለውን ድራይቨር ጫኚ። በራሱ ብራውዘር ፖርት 631 ላይ ገብተሽ ፕሪንተር ጨምሪ፣ ግንኙነቱ ሶኬት፣ የፕሪንተሩ አይፒ፣ ፖርት 9100፣ ሞዴሉን ፒ1102 በይው። የፕሪንተሩንም የፓይውንም አይፒ ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጊ። ስሙን አጭርና ክፍት ቦታ የሌለው አድርጊው፣ ሼር የሚለውን ምረጪ፣ አድሚኒስትሬሽን ገጹም ላይ ፕሪንተሮችን ሼር አድርግ የሚለውን ምልክት አድርጊ። ከዛ የሙከራ ገጽ ከዛው አትሚ። ይሄ ካልወጣ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር አትሂጂ፣ እዚሁ ጨርሺው።

ቀጥሎ ዊንዶውስ 98። ኔትወርክ ካርዱን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኪው። አይፒውን ራስሽ ስጪው፣ ለምሳሌ ፓይው 192.168.1.20 ከሆነ ለሱ 192.168.1.30፣ ራውተሩ ለሌላ ዕቃ የማይሰጠው ቁጥር መሆኑን ቼክ አድርጊ፣ ሰብኔቱ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ የሚለውን ግን ባዶ ተዪው። ባዶ ሲሆን ቤት ውስጥ ካሉት ጋር ያወራል፣ ኢንተርኔት አይወጣም፣ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው፣ ይሄ ማሽን ኢንተርኔት ላይ መውጣት የለበትም።

አሁን ብዙ ሰው ሳምባ (ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጋር ፋይልና ፕሪንተር የሚጋራበት ፕሮግራም) ጫን ይልሻል። እኔ አልልሽም፣ ለዊንዶውስ 98 ሳምባ ማለት መልሶ ኤስኤምቢ 1 መክፈት ማለት ነው፣ ላፕቶፕሽ ላይ ዝጊው ያልኩሽን ፓይው ላይ ክፈቺ አልልም። በአይፒፒ (ህትመት በኔትወርክ የሚላክበት ሌላ መንገድ) ነው የምንሄደው። ለዊንዶውስ 95ና 98 የኢንተርኔት ፕሪንቲንግ ክላየንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ የዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ሲዲ ውስጥ ክላየንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ታገኚዋለሽ። ፍላሽ ላይ አርገሽ አትልፊ፣ ዊንዶውስ 98 ድራይቨር ካልተጫነለት ፍላሽ አያነብም፣ ሲዲ ላይ አቃጥለሽ ስጪው። ጭነሽ ሪስታርት ካደረግሽ በኋላ ፕሪንተር ጨምር፣ ኔትወርክ ፕሪንተር፣ አድራሻው ላይ http://192.168.1.20:631/printers/ ብለሽ፣ መጨረሻ ላይ የሰጠሽውን ስም ጻፊ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ በትንንሹ ፊደል።

ድራይቨር ሲጠይቅሽ የኤችፒውን አትፈልጊ። አፕል የሚለውን ክፈቺና ሌዘርራይተር ምረጪ፣ ፕሮ 630 ወይም 16/600 ካገኘሽ እሱን። አይግረምሽ፣ አፕል ፕሪንተር አያስፈልግሽም፣ ዊንዶውስ 98 ንጹህ ፖስትስክሪፕት እንዲጽፍ ብቻ ነው የምንፈልገው። ፓይው ላይ ያለው ጎስትስክሪፕት የሚባል ፕሮግራም እሱን አንብቦ ገጹን ይስለዋል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ፕሪንተሩ በሚገባው መልክ ይልከዋል።

ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሁለት ቦታ ግቢ። ፎንትስ የሚለው ላይ «ሁልጊዜ ትሩታይፕ ፎንት ተጠቀም» የሚለውን ምረጪ። ካልመረጥሽ ድራይቨሩ አንዳንዱን ፎንት ፕሪንተሩ ውስጥ አለ ብሎ በሚያስበው ይተካዋል፣ የኛ ፊደል ላይ እንዲ ያለ ነገር ከመጣ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ያ ላፕቶፑ ላይ ያየሽው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ወረቀቱን ደግሞ ኤ4 አድርጊ፣ ድራይቨሩ ላይም፣ ካፕስ ላይም፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም ላይም። አንዱ ሌተር (የአሜሪካኖቹ የወረቀት መጠን) ሆኖ ከቀረ ፕሪንተሩ የሌለ ወረቀት ይጠብቅና እንደገና መብራት እያየሽ ትናደጃለሽ።

አባትሽ የሚልኩት የመጀመሪያ ገጽ ዝግ ይላል፣ ፓይው እያሰላ ነው፣ ደጋግመው እንዳይጫኑ ንገሪያቸው። ወረቀቱ ላይ %! ብሎ የሚጀምር የእንግሊዝኛ ኮድ በገጽ በገጽ ከወጣ ፖስትስክሪፕቱ እንደ ተራ ጽሁፍ ታትሟል ማለት ነው፣ ድራይቨሩ ፖስትስክሪፕት ክፍል ውስጥ ከስራው በፊት ኮንትሮል ዲ ላክ የሚለውን ምልክት አንስተሽ ሞክሪ። ምንም ካልወጣ ካፕስ ላይ ጆብስ የሚለውን ክፈቺ፣ ስራው እዛ ካልታየ ችግሩ ዊንዶውስ 98 ጋ ነው፣ ታይቶ ከቆመ ፓይው ጋ ነው፣ ተጠናቋል ካለና ወረቀት ከሌለ የመረጥሽው ሞዴል ልክ አይደለም። ከሶስቱ የቱ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ከዛ እንቀጥላለን። ማንም መጥቶ «ላፕቶፑ ላይ አንዴ ኤስኤምቢ 1 ልክፈተውና ልሞክር» ቢልሽ ግን እምቢ በይ።