ሳታውቁት የተጻፈ የድሮ የትራፊክ ክስ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ቦሎ (የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ተለጣፊ) ልታሳድሱ ወይም ስም ልታዛውሩ ሄዳችሁ «ያልተከፈለ ክስ አለ» ለተባላችሁ ሁሉ፣ የመኪና ሰነድ ጠንቅቀው የሚያውቁት ጋሽ ሊብሬ ዛሬ ይመልሳሉ።

የቆጪው፦ ጋሽ ሊብሬ፣ ያገለገለ ቪትዝ መኪና ገዝቼ ቦሎ ላወጣ ስል የቆየ ክስ ተገኘ። ከፍዬ ልገላገል?

ጋሽ ሊብሬ፦ ቆይ፣ አትክፈል። መጀመሪያ የክሱን ዝርዝር ጠይቅ፦ የክስ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ የጥፋቱ ዓይነት። ሊብሬህን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) አጠገቡ ዘርግተህ ታርጋውን አንድ በአንድ አመሳክር። በነባሩ ታርጋ ያው አምስት አኃዝ ኮድ 2 (የግል) ላይም ኮድ 3 (የንግድ) ላይም ይኖራል፤ «ኦሮ» (ኦሮሚያ) ላይም «አአ» (አዲስ አበባ) ላይም ይኖራል። አዲስ አበባ ኮድ 2 ላይ ደግሞ ከቁጥሩ በፊት እንደ ኤ ወይም ቢ ያለ ፊደል ሊኖር ይችላል። ጸሐፊው ኮዱን ወይም ፊደሏን ከዘለለ የሌላ ሰው ጥፋት አንተ ላይ ያርፋል። በእጅ ጽሑፍ 1 እና 7ም ይምታታሉ።

ቀጥሎ ቀኑን እይ። 02/08/2016 የሚል ብታገኝ፣ በኛ ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ግን ሐምሌ 26 ቀን 2008 ነው። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ! 8፡00 የሚለውም ከቀኑ ስምንት ነው ወይስ ጠዋት ሁለት? አረጋግጥ። ከዚያ በውልና ማስረጃ ከጸደቀው የሽያጭ ውልህ ጋር አስተያየው። ክሱ ከውሉ ቀድሞ ከተጻፈ የውሉን ኮፒ አያይዘህ በጽሑፍ አመልክት፤ ማመልከቻህ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው። ለጉዳይ ገዳይ ብር እንዳትሰጥ።

ባጃጅ፦ እኔም ክስ አለብህ ተባልኩ። ምን ይሻላል?

ጋሽ ሊብሬ፦ የምን ክስ? በታርጋ ነው በመንጃ ፈቃድ?

ባጃጅ፦ በታርጋ። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ክልክል ቦታ ማቆም።

ጋሽ ሊብሬ፦ እንዲህ ጻፉልኝ። ነጂው በሌለበት የተጻፈ ክስ መስታወት ላይ ይቀመጣል፤ ዝናብ ካጠበው ባለቤቱ አያውቅም። ባጃጁን በቀን ገቢ የሰጠኸው ሰው ካለ፣ በዚያ ቀን ማን እንደያዘው የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት አቅርብ። አለዚያ ጥፋቱ አንተው ላይ ሊመዘገብ ይችላል።

የአጂፕ ልጅ፦ ዝም ብሎ መክፈል ነው። ምልልሱ ከቅጣቱ ይበልጣል።

እሙ ሹፌር፦ ከከፈልክ ጥፋቱን አመንክ ማለት ነው እኮ!

የአጂፕ ልጅ፦ ያለ ቦሎ ስትነጂ ብትያዢስ? ሌላ ቅጣት ነው።

እሙ ሹፌር፦ እስኪጣራ አቆመዋለሁ። ያላጠፋሁትን አልከፍልም።

ጋሽ ሊብሬ፦ ክሱ የራስህ ከሆነ ዛሬውኑ ክፈል። ካልሆነ አመልክት፣ እስኪወሰን ያለ ቦሎ አታንቀሳቅስ። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ሂርማታ፦ ኦቦ፣ መኪናዬን በውክልና ሸጬ ክስ በእኔ ስም መጣ። ውክልናውን ብሽረውስ?

ጋሽ ሊብሬ፦ ይህን ስንቴ ልበል፣ ውክልና ሽያጭ አይደለም! ሊብሬው ላይ ስምህ እስካለ ድረስ የሚፈለገው አንተ ነህ። መሻር ከዛሬ ወዲያ ያለውን ሥልጣን ያቆማል እንጂ የተጻፈውን ክስ አያነሳም። ገዢውን ፈልገህ ክሱን አዘጋጉ፣ ከዚያ ስም አዛውሩ። ገዢው ለሌላ ሰው ውክልና አስተላልፎ ከሆነ ደግሞ ሰነዶቹን ሁሉ በተርታ ሰብስብ፤ አንዱ ከጎደለ ዝውውሩ እዚያው ይቆማል። ገና የምትሸጡ፣ የርክክብ ወረቀት ላይ ከቀኑ ጋር ሰዓቱንና የኪሎ ሜትር ንባቡን ጻፉ፣ በምስክር ፊት ተፈራረሙ። ጠዋት የተሸጠ መኪና ከሰዓት በኋላ ሊከሰስ ይችላል፤ ቀን ብቻ ያለበት ወረቀት ያንን አይለይም።

መንገደኛ፦ የእኔ አዲስ አበባ የተጻፈ ነው። ስንት ብር ይሆን? ይርጋስ (ክሱ የሚቀርበት የጊዜ ገደብ) የለውም?

ጋሽ ሊብሬ፦ ይርጋውን ጠበቃ ጠይቅ። የትራፊክ ቅጣቱን የወሰነው ደንብ ቁጥር 208/2003 ከወጣ በኋላ ስለተለወጠ፣ ጥፋቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረውን ቅጣት ነው የምታየው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከመጓዝህ በፊት ክሱን የጻፈው መሥሪያ ቤት በባንክ ወይም በቴሌብር ይቀበል እንደሆነ ደውለህ ጠይቅ። ስትከፍል የክስ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይኑር፤ ፎቶ አንሳው፣ የማሽን ወረቀት ይደበዝዛል። ክሱ ከመዝገቡ መዘጋቱንም በዓይንህ እይ። «አስዘጋልሃለሁ» ለሚል ጉዳይ ገዳይ ብር የለም።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ የድሮ ክስ ቢኖርብኝ ምን ላድርግ?

ጋሽ ሊብሬ፦ ከላይ ለየቆጪው የመለስኩትን አንብብ፣ ከዚያ ታርጋህ በክሱ ላይ ከነኮዱ እንዴት እንደተጻፈ አይተህ ተመለስ። ቁጥሩን ግን እዚህ አትለጥፍ።