ቡዘሩ ይጮኻል፣ ክሩ ግን አልተኛም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ ከባሕር ዳር። ለመመረቂያ ሥራችን ከፎም ክንፍ ቆርጠን፣ ራሳችን በሠራነው ዊንድ ተነል፣ ማለትም ንፋስ በሚነፋበት መሞከሪያ ቱቦ፣ እየሞከርነው ነው። ኮርዱ፣ ማለትም ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ንፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ይሄዳል። ክንፉን ከንፋሱ አንጻር 14 ዲግሪ ስናዘነብለው፣ የአየሩን መንገድ እንዲያሳዩን ላዩ ላይ የለጠፍናቸው ክሮች ይረበሻሉ። ይህን ለማስተካከል ሦስት የፒዞ ቡዘር ዲስኮች (ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ተርገብግበው የሚጮኹ ስስ ሳህኖች) ውስጡ አስገብተን፣ በ1 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ አየር እየሳቡ እንዲተፉ አደረግን። ዲስኮቹ በ2,500 ኸርዝ ይጮኻሉ፤ ክሮቹ ግን መረበሻቸውን አላቆሙም። ወደ ፕላዝማ፣ ማለትም አየሩን በኤሌክትሪክ ወደሚገፋው ዘዴ፣ እንቀይር?

መልስ፦ ፕላዝማውን ተዪው። ብዙ ሺህ ቮልት ይፈልጋል፣ ኦዞን ይለቃል፣ አጠገቡ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ ይረብሻል። ይህን ሁሉ ከፍለሽ የምታገኚው ንፋስ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ነው። የያዛችሁት ዘዴ ይበቃል። ችግሩ አነዳዱ ላይ ነው።

ክሮቹ የሚረበሹት ለምንድን ነው? ክንፉን ታክኮ የሚያልፈው አየር በፍትጊያ ተዳክሟል። ወደ ኋላ ጠርዝ ሲጠጋ ደግሞ እየጨመረ የሚሄድ ግፊት ይገጥመዋል። በብስክሌት ወደ ቤዛዊት ስትወጪ ከታች ፍጥነት ካልያዝሽ መሃል ዳገት ላይ ትቆሚ የለ? አየሩም እንደዚያው ነው። ይቆማል፣ ከፊሉም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከበላዩ ያለው ፈጣን አየር ክንፉን ለቆ ይሄዳል። ጀርመናዊው የአየር ፍሰት ሊቅ ሉድቪግ ፕራንትል ይህን እ.ኤ.አ. በ1904 ሲያስረዳ፣ የደከመውን አየር በስንጥቅ በመምጠጥ መላቀቁን ማዘግየት እንደሚቻልም አሳይቷል። እናንተ የምትሠሩት የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ምቱ፣ ማለትም ትንፋሹ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ። የዲስኩ ትንፋሽ ብቻውን ብዙ አይገፋም። በትክክለኛው ምት ከተነካካ ግን የሚላቀቀው አየር ትልልቅ እሽክርክሪት ይሠራል፣ እሽክርክሪቶቹም ፈጣኑን አየር ወደ ክንፉ ይጎትቱታል። የመጀመሪያው ግምት ቀላል ነው፦ የንፋሱን ፍጥነት ለኮርዱ አካፍዪ። 12 ለ0.2 ሲካፈል 60 ኸርዝ ይሰጥሻል። እናንተ ከዚያ 40 እጥፍ በላይ ሄዳችኋል። በከፍተኛ ምት የሚሠራበት ሁኔታ አለ፤ ግን ጠንካራ ጄት፣ ማለትም ከስንጥቁ የሚወነጨፍ አየር፣ ይፈልጋል፣ የቡዘር ዲስክ ያን አቅም ከየት ያመጣል?

ታዲያ ምቱን ዝም ብለሽ ወደ 60 አታውርጂ። ዲስክ የሚጠነክረው በራሱ የተፈጥሮ ምት አካባቢ ብቻ ነው። በ2,500 እየጮኸ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲበራና እንዲጠፋ አድርጊው። በአርዱይኖ፣ በዚያች ትንሽ ፕሮግራም የምትደረግ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ከዚያ 30ን፣ 90ን፣ 120ን ሞክሪ፤ 60 መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። እኔ ብሆን ግን ዲስኩን ትቼ ከአሮጌ ሬዲዮ ስፒከር እፈታ ነበር። ክንፉ ውስጥ ስለማይገባ ከተነሉ ውጭ አድርጋችሁ በአጭርና ሰፋ ባለ ቱቦ ከክንፉ ክፍት ቦታ ጋር አገናኙት። ድምፁን ከስልክ አፕ በትንሽ አምፕሊፋየር ስጡት።

ማፍሰሱንም እዩ። ፎም ያፈሳል፣ የዲስኩ ዙሪያም እንዲሁ። ሲሊኮን ቀቡትና ተነሉ ጠፍቶ መሣሪያው በርቶ ሳለ የእጣን ጭስ ስንጥቁ ላይ ያዙ። ጭሱ ካልተበተነ ጄት የላችሁም። ካለም ፍጥነቱ ከተነሉ ንፋስ ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው።

ስንጥቁ የት እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ክሮቹ መረበሽ ከሚጀምሩበት መስመር ትንሽ ቀደም ብሎ መሆን አለበት። ከኋላው ከሆነ የሞተ አየር ውስጥ ነው የምትተፉት። ፈተናውንም ክንፉ ከሚደክምበት አንግል በላይ ሁለት ሦስት ዲግሪ ላይ ጀምሩ፤ 25 ዲግሪ ላይ ምንም ነገር አያድነውም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። በዚህ መጠንና ፍጥነት፣ ከስንጥቁ በፊት የተለጠፈ፣ አየሩን በትንሹ የሚያናውጥ ቀጭን የዚግዛግ ቴፕ ብቻውን ክሮቹን ሊያስተኛ ይችላል። ስንጥቁ ራሱም፣ መሣሪያው ሳይበራ፣ አየሩን ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ አራት ፈተና ሥሩ፦ ስንጥቁ በቴፕ ተሸፍኖ፣ ክፍት ሆኖ መሣሪያው ጠፍቶ፣ መሣሪያው በርቶ፣ በመጨረሻም ዚግዛጉ ብቻውን። ዚግዛጉ ካሸነፈ ደብቃችሁ አታልፉ፤ ፈታኞቻችሁ መጠየቃቸው አይቀርም።

ደግሞ ባሕር ዳር ላይ መሆናችሁን አትርሱ። የሊፍት (ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል) ስሌታችሁ ውስጥ 1.225 የሚል የአየር እፍጋት ካለ አጥፉት፤ እሱ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። እኛ 1,800 ሜትር አካባቢ ነን። በ25 ዲግሪ ሙቀት እፍጋቱ 0.96 ገደማ ይሆናል። ከአምስት እጅ አንዱ ጎደለ ማለት ነው። የግፊት ቁጥር ከአየር ትንበያ አትውሰዱ፤ እዚያ የሚጻፈው 1,015 ምናምን ወደ ባሕር ወለል ተቀይሮ ነው። ጣና ዳር ያለው እውነተኛ ግፊት 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ባሮሜትር ያለው ስልክ ያሳያችኋል።

ትልቁ አውሮፕላን ላይ ይሠራል ወይ ለሚላችሁ፦ ናሳና ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2015 በ757 አውሮፕላን ቀጥ ብሎ በቆመው ጭራ ላይ 31 ትንንሽ ጄቶች ገጥመው አብርረዋል። እነዚያ የሚንቀሳቀስ አካል የላቸውም፤ የተጨመቀ አየር ሲገባባቸው ጄቱ ራሱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ጭራውን የመረጡት፣ አንድ ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ በመሆኑ ነው። ጉልበቱ ከጨመረ ጭራው ሊያንስ፣ አውሮፕላኑም ሊቀል ይችላል።

ምቱን ቀይራችሁ፣ ማፍሰሱን ዘግታችሁም ክሩ እምቢ ካለ፣ ስንጥቁ ከፊት ጠርዝ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ለኪና ክሮቹን ከላይ ካነሳሽው ቪዲዮ ጋር ላኪልኝ።