ቀብድ፣ የአባቴ በግ እና ከቨርድ ኮል

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ሦስት ወጣቶች አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጎረቤቴ ነው፤ ሁለቱ አሜሪካ ያሉ የወንድሜ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ ጥሩ ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) የሚከፍል አክሲዮን ገዝተን በላዩ ከቨርድ ኮል ብንሸጥ በየወሩ ገቢ ይገኛል ይባላል። እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው። ግን ብሩ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ እንዳትገቡበት።

ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ ነው የጨረስኩት። ይሄ ነገር ግን የገባኝ በአባቴ በግ ነው። መንዝ ነው ያደግሁት። አንድ ዓመት ፋሲካ ሁለት ወር ሲቀረው ነጋዴ ደጃችን መጣ። ሙክቱን ወገቡን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው፣ ላቱን ከፍ አድርጎ መዘነው። በ25 ብር ተስማሙና 5 ብር ቀብድ ሰጥቶ ሄደ። በቀብዱ ጨውና ቡና ተገዛ፤ ቤታችን ደስ አለው። በዓሉ ሲደርስ ግን በግ ተወደደ፣ የኛን የሚያህል ሙክት 34 ብር ገባ። ነጋዴው መጣ፣ የቀረችውን 20 ብር ቆጠረ፣ በጉን ወሰደ። ገመዱን ይዤ እስከ መንገዱ የሸኘሁት እኔ ነኝ። አባቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቀብድ በልቷላ!

ከቨርድ ኮል ማለት ይኸው ነው። አክሲዮን አላችሁ። አንድ ሰው «እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ ዋጋ የመግዛት መብት ስጠኝ» ብሎ ቀብድ ይከፍላችኋል። መብቱን ኮል፣ ቀብዱን ፕሪሚየም፣ ዋጋውን ስትራይክ ይሉታል። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ቀብድ ከዋጋው ላይ አይቀነስም፤ ሰውየው ቢገዛም ባይገዛም የእናንተው ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ውል የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ 100 አክሲዮን ነው። ከቨርድ የተባለው አክሲዮኑ እጃችሁ ላይ ስላለ ነው። በግ ሳይኖራችሁ ቀብድ የምትበሉበትም መንገድ አለ፤ እሱን በጭራሽ እንዳትነኩት።

በቁጥር እንየው። 100 አክሲዮን በ50 ዶላር ገዛችሁ እንበል፣ 5,000 ዶላር። የአንድ ወር ኮል በ52 ስትራይክ ሸጣችሁ 60 ዶላር አገኛችሁ። ዋጋው ባለበት ከቆመ 60ዋ ኪስ ገባች፣ በሚቀጥለው ወር ትደግሙታላችሁ። 58 ከገባ ግን በ52 ታስረክባላችሁ፤ 5,800 ሊያወጣ የነበረው ከነቀብዱ 5,260 ሆነ። ወደ 40 ከወረደስ? 1,000 ዶላር ወርዶባችሁ የሚያጽናናችሁ 60 ዶላር ብቻ ነው። አያችሁ፣ የላዩን ሸጣችሁታል፣ የታቹ እንዳለ እናንተው ላይ ነው። በኢንተርኔት «በየወሩ ደሞዝ» እያለ የሚያስተምራችሁ ሰው ይቺን የ40 ዶላሯን መስመር ካላሳያችሁ ዝጉት።

ዲቪደንዱ ላይም ቆም በሉ። ከፍተኛ ምጣኔ የሚያሳይ አክሲዮን ሁሉ ለጋስ አይደለም። ምጣኔው ክፍያው ለዋጋው ተካፍሎ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ሲወድቅ ቁጥሩ በራሱ ያብጣል። ጄኔራል ኤሌክትሪክን የሚያህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ አክሲዮን የሚሰጠውን የሩብ ዓመት ክፍያ ከ12 ሳንቲም ወደ 1 ሳንቲም አወረደው። ኢንቴል በ2024 ጭራሽ አቆመ። ፕሪሚየሙም እንደዚያው ነው። ረጋ ያለ፣ ዲቪደንዱን አክባሪ ድርጅት የሚያስገኘው ቀብድ ቀጭን ነው። ወፍራም ቀብድ ካያችሁ ገበያው የፈራው ነገር አለና ምን እንደሆነ ፈልጉ።

አንደኛው የወንድሜ ልጅ የተጎዳበትን ደግሞ ልንገራችሁ። ዲቪደንዱን ቀን ቆጥሮ ሲጠብቅ ነበር። ዋጋው ከስትራይኩ በላይ ወጥቷል፣ ውሉ ሊያልቅ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ጠዋት ስልኩን ሲከፍት አክሲዮኖቹ የሉም። ያ ቀን ኤክስ ዲቪደንድ የሚሉት ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ያልያዘ ሰው ዲቪደንዱን አያገኝም። የኮሉ ባለቤት በዋዜማው መብቱን ተጠቅሞ አክሲዮኑንም ዲቪደንዱንም ወሰደ። ማንም አላጭበረበረውም። በአሜሪካ በአንድ ድርጅት አክሲዮን ላይ የሚሸጥ ኮል ውሉ እስኪያልቅ በማንኛውም የሥራ ቀን ሊጠየቅ ይችላል። በኮሉ ላይ የቀረው የጊዜ ዋጋ፣ ማለትም ውሉ እስኪያልቅ ለቀሩት ቀናት ሲባል የሚከፈልበት፣ ከዲቪደንዱ ካነሰ ባለቤቱ መውሰዱ ያዋጣዋል። ልጁ ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ ቀኑን ግን አስቀድሞ ማየት ይችል ነበር።

አንተ ደግሞ ጎረቤቴ፣ የኛ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ኦፕሽን፣ ማለትም እንደ ኮል ያለ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት፣ እዚያ ገና አይሸጥም። ስለዚህ በቴሌግራም «ብርህን ስጠኝና አሜሪካ ኦፕሽን ልነግድልህ» የሚልህን ሰው እባክህ፣ ስለ እናትህ ብለህ ራቀው። አክሲዮን ካለህ የባንክህን ዓመታዊ ሪፖርት አንብብ፣ ጉባኤው ሲጠራ ሄደህ ቁጭ በል፣ ትርፉ ለምን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ጠይቅ።

የወንድሜ ልጅ አሁንም ይሸጣል፣ ያውም በአንድ ውል ብቻ። ከመሸጡ በፊት ደብተሩ ላይ ሁለት ቀን ይጽፋል፤ ውሉ የሚያልቅበትንና ኤክስ ዲቪደንዱን። ከሥር ደግሞ «በዚህ ዋጋ ቢወስዱብኝ አይቆጨኝም» ብሎ ስትራይኩን ያሰፍራል። ባለፈው ወር ያንን መስመር መጻፍ አቃተው። ሳይሸጥ ቀረ።