«ከክሊኒኩ በር ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ»

ጥያቄ

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

የ39 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። ያደግሁት ወንጂ ነው፤ አሁን የምኖረው አዳማ ነው። የምጽፍልዎ በቀኝ በኩል ስላለ አንድ የታች መንጋጋ ጥርሴ ነው፤ ከፊት ሲቆጠር ስድስተኛው።

የዛሬ ዓመት ገደማ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር። ቀጥሎ ቡና ስጠጣ ጀምሮኝ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ግንቦት ላይ ደግሞ አራት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፤ ጋደም ስል ይብሳል፣ ቀና ስል ትንሽ ይተወኛል። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ዋጥሁ፣ ቅርንፉድም ያዝሁበት። በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ድንገት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነው፣ አላመመኝም። ግን በጥርሱ ትይዩ ድዴ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ብጉር ወጥታለች። ትፈነዳለች፣ ጣዕሙ የሚያስጠላ ነገር ይወጣታል፣ ከዚያ ተመልሳ ትሞላለች።

ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለብኝ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በ11 ዓመቴ አንድ ጥርሴ የተነቀለው በደንብ ሳይደነዝዝ ነው፤ ሁለት ሰው ጥፍንግ አድርጎ ይዞኝ። ዛሬም የክሊኒክ ሽታ ሲሸተኝ እጄ በላብ ይርሳል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ሦስቱንም ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ።

ሌላም አለ። የፊት ጥርሶቼ እንደ ብዙ የወንጂ ልጅ ቡናማ ናቸው፤ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ሐኪሙ «ምነው ጥርስሽን አትቦርሺም?» ይለኛል ብዬ ከመርፌው እኩል እሸማቀቃለሁ።

ባለቤቴ «አስነቅለሽው ተገላገይ» ይላል። እናቴ ደግሞ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጎዳል ትላለች። ካላመመኝ ጥቂት ብታገስ ምን ይለኛል? መሄድ ካለብኝስ እንዴት አድርጌ ልግባ? ማስነቀሉ ይሻላል ወይስ ነርቩን ማስታከሙ?

ከአዳማ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

እባክዎ አይታገሱ። የጻፉት ቅደም ተከተል ነርቩ ቀስ በቀስ የሚሞት ጥርስ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ራጅና ምርመራ ያረጋግጠዋል። ነርቭ የምንለው በጥርሱ መሃል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚገኝ፣ ደም ስርም ያለበት ለስላሳ ሥጋ ነው። ሲቆጣ ያብጣል፤ ዙሪያው ግን ጠንካራ ጥርስ ስለሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ጋደም ሲሉ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ግፊቱ ይበረታል፤ ሌሊት የባሰብዎት ለዚህ ነው። በአምስተኛው ቀን ሕመሙን የሚናገረው ነርቭ ራሱ ሞተና ዝም አለ። ጀርሙ ግን በስሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ወጥቶ መግል ሠርቷል፣ መግሉም አጥንቱን በስቶ ድድዎ ላይ ብቅ ብሏል። ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል ብጉር የመግሉ መውጫ ናት። መውጫው ክፍት እስከሆነ ድረስ ግፊት የለም፣ ሕመምም የለም።

መውጫው የተደፈነ ቀን ፊት ያብጣል። እብጠቱ ከአገጭ ስር ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የመተንፈሻ ቱቦን እስከ መዝጋት ሊደርስ የሚችል ኢንፌክሽን ነው።

አሞክሲሲሊኑ ያዳነዎት ይመስል ይሆናል። መድኃኒት ወደ ጥርስ ውስጥ የሚደርሰው በደም ነው፤ ነርቩ ሲሞት ወደ ውስጥ የሚገባ ደም የለም። ስለዚህ መድኃኒቱ በዙሪያው ያለውን እብጠት ለጊዜው ያበርድ ይሆናል እንጂ ጀርሞቹ ከተቀመጡበት ከራሱ ከጥርሱ ውስጥ አይደርስም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደግመው አይግዙት። ቅርንፉዱም የሚያደነዝዝ ዘይት አለው፤ ሲደጋገም ግን ድድ ያቃጥላል።

አሁን በተለይ መርፌ ለሚፈራ ሰው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጥርሱ ዝም ያለበት ጊዜ ማደንዘዣ በደንብ የሚሠራበት ጊዜ ነው። በተቆጣ ሥጋ ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ አሲድ በበዛበት ቦታ ደግሞ ማደንዘዣው ወደ ነርቩ ዘልቆ መግባት ያቅተዋል። ብዙ ሰው «ማደንዘዣ አይዘኝም» የሚለው ጥርሱ በተቃጠለበት ሰዓት እየሄደ ስለሚታከም ነው። ፈርተው በቆዩ ቁጥር የሚፈሩት ነገር በእውነት የመድረሱ ዕድል ይጨምራል። በ11 ዓመትዎ በደንብ ሳይደነዝዝ፣ በሰው ተይዘው መነቀልዎ ስህተት ነበር። ፍርሃትዎ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነትዎ የሚያስታውሰው እውነተኛ ነገር ነው። ስለዚህ ምክሬ «በርቺ» የሚል አይደለም፤ ያ ነገር እንዳይደገም ምን ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሕክምና የማይደረግበት ይሁን። ስልክ ደውለው እንዲህ ይበሉ፦ «ጥርስ ሕክምና በጣም እፈራለሁ። ለመጀመሪያ ቀን የምመጣው ለምርመራና ለራጅ ብቻ ነው፤ መርፌም መሣሪያም እንዳይጀመር እፈልጋለሁ።» ይህን ሰምቶ የሚያጣድፍዎ ክሊኒክ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ የሆነ ቀጠሮ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስቡት ከመዋል ያድናል። ቁርስ በልተው ይሂዱ። የፆም ወቅት ከሆነና እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ግን ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ ያድርጉት፤ በባዶ ሆድ መርፌ የሚወጉ ሰዎች ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ቫልቭ ችግር ወይም እርግዝና ካለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱም ከሆነ ከመቀመጥዎ በፊት ይናገሩ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

ወንበሩ ላይ ከሐኪሙ ጋር አንድ ምልክት ይስማሙ፤ ግራ እጅዎን ሲያነሱ ወዲያው ያቆማል። ምንም ሳያምዎት አንዴ አንስተው ይሞክሩት። በእርግጥ ማቆሙን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ሰውነትዎ ራሱ ይላላል። ስለ ንጽሕናም ለመጠየቅ አይፈሩ። መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ፊትዎ ይውጣ፤ ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙ መቀየሩ አውቶክሌቭ (በጋለ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ መግባቱን ያሳያል። መርፌውም አዲስ ሆኖ እያዩ ይከፈት።

መርፌውን በተመለከተ ትንሽ ልቆይበት። ድዱ በጎዝ ከተደረቀ በኋላ የሚያደነዝዝ ጄል ይቀባል፤ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ቀብቶ ወዲያው መውጋት ጥቅም የለውም። የመርፌ ሕመም ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከጫፉ ሳይሆን ፈሳሹ በፍጥነት ሲገፋ ከሚፈጠረው ግፊት ነው። አንዷ ብልቃጥ 1.8 ሚሊ ሊትር ብቻ ትይዛለች፤ ከ1 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ቀስ ተብላ ብትገፋ ብዙ ሰው መጠነኛ መወጠር ብቻ ነው የሚሰማው። «ቀስ ብለው ይውጉኝ» ማለት መብትዎ ነው። በዚያች ደቂቃ የእግር ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ፣ ትንፋሽዎን ሲያወጡ ከሚያስገቡት ያስረዝሙ፤ እስከ 4 ቆጥረው ያስገቡ፣ እስከ 6 ቆጥረው ያውጡ። ልብዎ ለጥቂት ደቂቃ ድው ድው ሊል ይችላል። ሊዶካይን በሚባለው ማደንዘዣ ውስጥ ያለው ጥቂት አድሬናሊን ነው፤ ብዙ ሕመምተኛ ግን «ፍርሃቴ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ይደነግጣል።

ከዚያ ይጠብቁ። ለታች መንጋጋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስፈልጋል። መደንዘዙን የሚያውቁት በቀኝ በኩል ያለው የታችኛው ከንፈርዎና የአገጭዎ ግማሽ ወፍሮ የሌላ ሰው ሲመስልዎት ነው። ከንፈሩ ካልደነዘዘ መርፌው ቦታውን ስቷል፤ እንዳይጀመር እጅዎን ያንሱና እንደገና ይወጉ። ከንፈሩ ደንዝዞ ጥርሱ ብቻ ከተሰማዎት ደግሞ ሌላ መፍትሔ አለ፤ በጥርሱና በአጥንቱ መሃል ባለው ስስ ክፍተት ተጨማሪ መርፌ ይሰጣል፣ ወይም በጉንጭ በኩል አርቲኬይን የሚባል ማደንዘዣ ይጨመራል። ጥርስዎ ነርቩ ሞቶ ከሆነ ወደዚህ የሚያደርስ ነገር አይበዛም።

ወደ ማስነቀል ወይስ ማከም ልምጣ። ባለቤትዎ ያሉት ከእርስዎ ሥቃይ አንጻር ይገባኛል፤ ግን እርስዎ የሚነክሱበት ዋነኛ ጥርስ ነው። ሲነቀል ከኋላው ያለው ወደ ፊት ይዘማል፣ ከላይ ያለው ወደ ክፍተቱ ይወርዳል፣ አጥንቱም ይሳሳል። በቦታው ሌላ ለመትከል በኋላ የሚወጣው ወጪ ብዙውን ጊዜ ከማከሙ ይበልጣል። እኔ በእርስዎ ቦታ ላለ ሰው መጀመሪያ የምመርጠው ማከሙን ነው። መነቀል የሚኖርበት ጥርሱ እስከ ስሩ ከተሰነጠቀ ወይም መበስበሱ ከድድ በታች ወርዶ የሚሞላበት ግድግዳ ካልቀረ ነው። ይህን ራጁ ይለየዋል። ሐኪሙ በብጉሯ ቀዳዳ ቀጭን ለስላሳ የጉታፔርቻ (የጥርስ ስር የሚሞላበት ላስቲክ መሰል ነገር) ክር አስገብቶ ራጅ ሊያነሳ ይችላል፤ ክሩ መግሉ ከየትኛው ስር እንደመጣ ያሳያል፣ አያምም።

የስር ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በ2 ቀጠሮ ያልቃል፣ አንዱም ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ከደነዘዘ በኋላ ራበር ዳም የሚባል ስስ ላስቲክ ጥርሱ ዙሪያ ይዘረጋል፤ አፍዎ ውስጥ ውኃም መሣሪያም እንዳይገባ ይጠብቃል፣ በአፍንጫ ይተነፍሳሉ። ጥርሱ ከላይ ይከፈታል። የታች ስድስተኛ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 2 ስርና 3 ቦይ አለው፣ አንዳንዴም 4፤ አንዱን ቦይ ሳያገኙ መዝጋት ሕክምናው ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ፋይል በሚባሉ ሽቦ መሰል ቀጭን መፋቂያዎች ቦዮቹ ይፋቃሉ። በመሃል የበረኪና ሽታ ይሸትዎታል፤ አይደንግጡ፣ ጀርም ለመግደል የሚታጠቡበት ፈሳሽ ከዚያው ዘር ነው። ቦዮቹ ውስጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ጀርም የሚገድል መድኃኒት ተደርጎ በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋና ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ በጉታፔርቻ ይሞላል።

ብዙ ሕክምና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሕመም ስለሌለ ሰው ጊዜያዊውን ሙሌት ይዞ ይጠፋል። ሙሌቱ በሳምንታት ውስጥ ይፈረካከሳል፣ ጀርሙ ይመለሳል፣ ወይም ደግሞ አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጥም ጥርሱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ያኔ ከመንቀል ሌላ ምርጫ አይኖርም። ስለዚህ ገና ሳይጀመር ዋጋውን ሙሉ ይጠይቁ፦ የስር ሕክምናው፣ ቋሚው ሙሌትና ክራውኑ (ጥርሱን ከላይ የሚሸፍነው ቆብ) በየብቻ ስንት ነው? ክራውን እስኪገባ ድረስ ቆሎም፣ የተጠበሰ ሽንብራም፣ አጥንትም በዚያ በኩል አይታኘክ። ከሕክምናው በኋላ ለ2 ወይም 3 ቀን ሲነክሱበት መጠነኛ ሕመም ይኖራል። ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በየ8 ሰዓቱ በአብዛኛው ይበቃል፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ አስም ወይም እርግዝና ካለ ግን ፓራሲታሞል ይጠቀሙ። አፍዎን ሲገጥሙ ጥርሱ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ሆኖ ከተሰማዎት ሙሌቱ ከፍ ብሏል፤ ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ያስተካክለዋል፣ ተሸክመውት አይክረሙ።

እናትዎን በአክብሮት እንዲህ ይበሏቸው፦ የጥርስ ነርቭና የዓይን ማያ ነርቭ የተለያዩ ናቸው፤ የታች መንጋጋ ጥርስማ ከዓይን ይበልጥ የራቀ ነው። ጥርስ ማስነቀል አያሳውርም።

ስለ ቡናማው ቀለም ደግሞ፣ ይህ ከመቦረሽ ጋር ግንኙነት የለውም። የቋሚ ጥርስ ሽፋን ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ዕድሜ፣ ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የጠጣ ልጅ የሚያመጣው ለውጥ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውኃ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ በላይ ፍሎራይድ አለው፤ ወንጂም በዚህ ትታወቃለች። የአካባቢው የጥርስ ሐኪም ደጋግሞ ያየዋል፣ ስለ መቦረሽ አይጠይቅዎትም። በከሰል፣ በጨው ወይም በሎሚ አይፋቁት፤ ቀለሙ ሳይለቅ ሽፋኑ ይሳሳል። ልጆችዎ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጡ ከሆነም ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣም፣ ውኃው ሲተን መጠኑ ይባስ ይጨምራል፤ ሌላ ምንጭ ይፈልጉላቸው።

ሕክምናው ከተሳካ ብጉሯ ለብቻዋ ሳትታከም በጥቂት ሳምንት ትዘጋለች። ከዚያ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ሌላ ራጅ ይነሱ፤ በስሩ ጫፍ ዙሪያ የነበረው ጥቁር ጥላ አጥንት እየሞላው ሲጠብ ያዩታል። በዚያ ቀን ስለ ፊት ጥርሶችዎም ይጠይቁ፤ ቀለሙ ከላይ ከሆነ በስሱ ይፋቃል፣ ጠልቆ ከሆነ የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት ይሸፈናል፣ ብዙውን ጊዜም መርፌ አያስፈልገውም።