ቀጠናዊ የንግድ ስምምነቶች የዓለምን ንግድ ይከፍታሉ ወይስ ይከፋፍላሉ?

ጠያቂያችን አገሮች በቀጠና ተቧድነው እርስ በርስ ቀረጥ ማንሳታቸው የዓለምን ንግድ ነፃ ያወጣዋል ወይስ ያደናቅፈዋል ብለዋል። ለዓመታት የጉምሩክ ሰነድ በማዘጋጀት ሥራ ላይ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ መልሱ በስምምነቱ መግቢያ ላይ ሳይሆን በታሪፍ ሠንጠረዡና ዕቃው የየት አገር ምርት ተብሎ እንደሚቆጠር በሚወስነው የስሪት አገር ደንብ ውስጥ እንደሚገኝ ተረድቻለሁ።

ሕጉ ራሱ ሁለት ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የታሪፍና ንግድ አጠቃላይ ስምምነት (ጋት) በአንቀጽ 1 ለአንድ አገር የተሰጠ ቅናሽ ለአባላት ሁሉ እንዲዳረስ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 24 ግን በመካከላቸው ያለውን ንግድ በአብዛኛው ነፃ እስካደረጉና በውጭ ባሉት ላይ በጥቅሉ የከበደ ጫና እስካልጣሉ ድረስ አገሮች የጉምሩክ ኅብረት ወይም ነፃ የንግድ ቀጠና እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል።

ይህ ልዩ ፈቃድ የሚያስከትለውን ችግር ኢኮኖሚስቱ ጄኮብ ቫይነር በ1950 አሳይቷል። አንድ አስመጪ ዕቃውን ከሩቅ አገር በ100 ይገዛል እንበል፤ 20 በመቶ ቀረጥ ሲታከልበት 120 ይሆናል። የጎረቤት አገር አምራች ዋጋው 110 ስለሆነ ከነቀረጡ 132 ይደርሳል፤ ስለዚህ ገዢ የለውም። ቀረጡ ለጎረቤት ብቻ ሲነሳ አስመጪው 10 ያተርፋል፣ የመንግሥት ካዝና 20 ያጣል። የሚገዛው መጠን ካልጨመረ አገሪቱ 10 ከስራለች፤ ርካሹ አምራችም ያለ ጥፋቱ ገበያውን አጥቷል።

የስሪት አገር ደንብ ደግሞ ይህን ያጠብቀዋል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ መካከል በነበረው የናፍታ ስምምነት አብዛኛው ልብስ ከቀረጥ ነፃ ለመግባት ክሩ ሳይቀር በአባል አገር መፈተል ነበረበት፤ ለመኪና የሚጠየቀው የቀጠናው ድርሻም በናፍታ 62.5 በመቶ የነበረው፣ በ2020 ናፍታን በተካው ስምምነት ወደ 75 በመቶ ከፍ ብሏል። ከውጭ የሚገባውን ክርና መለዋወጫ የሚያገልለው እንግዲህ ቀረጥ ሳይሆን ደንቡ ነው።

በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ግን መደበኛው ቀረጥ 2 ወይም 3 በመቶ ሲሆን፣ አስመጪው የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱን ለማሟላት ከመድከም ይልቅ ቀረጡን ከፍሎ ዕቃውን ማውጣት እንደሚመርጥ ነው። ለሁሉም የሚከፈለው ቀረጥ ዝቅ ባለ ቁጥር የቀጠናው አድልዎም አብሮ ይሟሽሻል፤ ከፍ ካለ ግን አድልዎው ይጎላል።

ስለዚህ ቀጠናዊ ስምምነት በራሱ እንቅፋት ነው አልልም። በ1957 የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ሲመሠረት አሜሪካ ከውጭ እንዳትቀር መስጋቷ፣ ከ1964 እስከ 1967 ለተካሄደውና ታሪፍን ለሁሉም ለቀነሰው የኬኔዲ ዙር ድርድር አንዱ ገፊ ምክንያት ነበር። በ2001 የተጀመረው የዓለም ንግድ ድርጅት የዶሃ ዙር ድርድር ከተጓተተ ወዲህ ግን ቀጠናዎቹ ሲበዙ የውጭውን ቀረጥ አብሮ የሚያወርድ እንዲህ ያለ ሰፊ ድርድር አልተከተለም።